ጋሽ ሐብቶም ቴሌቪዥን ሲነግሩ

ጋሽ ሐብቶም ማረፋቸውን የሰማሁት ባስ ጋራዥ ውስጥ፣ የሻይ እረፍት ላይ ሆኜ ነው። ልጄ ሊያ ደወለች። ሊያ በሥራ ሰዓት አትደውልም፣ ቴክስት ነው የምታደርገው፤ ስለዚህ ስሟን ስልኩ ላይ ሳየው ገባኝ። «አባ፣ ጋሽ ሐብቶም…» አለችና መጨረስ አቃታት።

አለቃዬ ፊቴን አይቶ ዛሬ አትነዳም፣ ወደ ቤትህ ሂድ አለኝ። በእግሬ ሄድኩ። እስከ ሰፈራችን ሰቨን ሲስተርስ ድረስ የራሳችን ባሶች እያለፉኝ ሄዱ፤ አንዱም ላይ መውጣት አላሰኘኝም። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ደግሞ ስለ ሞታቸው አልነበረም። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ላይ የቤት ጨረታው ፕሮግራም እንዳለ ትዝ ብሎኝ፣ ለእትዬ ስንዱ ማን እየነገራቸው ይሆን እያልኩ ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እያሰበ ነው ለካ የሚያለቅሰው።

ጋሽ ሐብቶምና ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ጎረቤቶቼ ነበሩ፤ ካውንስሉ በሚያከራየው ሕንፃ ላይ፣ ግድግዳችን አንድ። ጋሽ ሐብቶም የአስመራ ሰው ናቸው፣ በአማርኛ የተማሩ። እትዬ ስንዱ የጉለሌ ልጅ ናቸው። ለንደን የገቡት ሁለቱም በወጣትነታቸው ነው። እሳቸው የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ እትዬ ስንዱ ቢሮ በማጽዳት ሥራ ጡረታ እስኪወጡ ሠርተዋል። ልጅ አልወለዱም። ከጡረታ በኋላ ትንሽ እናርፋለን ሲሉ የስኳር በሽታ የእትዬ ስንዱን ዓይን ወሰደው።

ጋሽ ሐብቶም ሥራ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ሥራ ያልኩት እሳቸው ራሳቸው ሥራ ስለሚሉት ነው። ኮሪደር ላይ አግኝቻቸው ሻይ እንጠጣ ስላቸው፣ «አይመቸኝም መስፍን፣ ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ስኑከር አለ፣ እስከ ማታ ሥራ ላይ ነኝ» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የሚቀልዱ መስሎኝ እስቅ ነበር። እሳቸው አይስቁም። ጺማቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ነው ሶፋው ላይ የሚቀመጡት።

እኔ ቴሌቪዥን አልወድም። ቀኑን ሙሉ በመስታወት ሰው ሳይ ስለምውል ቤቴ ገብቼ ደግሞ ሌላ መስታወት ውስጥ ሰው ማየት አይጥመኝም። ግን አንድ ቀን ጋሽ ሐብቶም ፋርማሲ ደርሰው እስኪመለሱ «አጠገቧ ሁንልኝ፣ ንገራት» ብለው ትተውኝ ወጡ። የቤት ጨረታው ነበር። አሮጌ ቤት ያሳያሉ፣ አንድ ሰው በጨረታ ይገዛዋል፣ ያድሰዋል፤ ይኸው ነው። እኔም ሥራዬ መስሎኝ መተርጎም ጀመርኩ። «ሰውዬው ጣሪያው ያፈሳል እያለ ነው» አልኳቸው።

«እሱንማ ሰማሁት፣ ልጄ» አሉ እትዬ ስንዱ። «ዕድሜዬን ሙሉ የእንግሊዝ ቢሮ ስጠርግ ኖሬ እንግሊዝኛ ልታስተምረኝ ነው? ሰውዬው ምን ይመስላል?»

አየሁት። ብዙ አየሁት። «ሰው ነው» አልኩ።

እትዬ ስንዱ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ኧረ ሐብቶም ቶሎ ይምጣልኝ» አሉ።

ጋሽ ሐብቶም ተመልሰው ይህን ሲሰሙ አልሳቁብኝም። ካፖርታቸውን ሰቅለው ተቀመጡና፣ «የሚሰማውን አትንገራት፣ ጆሮ አላት። የሚታየውን ነው የምትነግራት» አሉኝ። ከዚያ የእትዬ ስንዱን አንጓ ያዝ አድርገው ቀጠሉ። «ግድግዳውን እርጥበት በልቶታል፣ ወረቀቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ወደ ታች ተገልብጧል። ኩሽናው ውስጥ የድሮ ሰው ካላንደር እንደተሰቀለ ነው። ይኼ ሊገዛ የመጣው ሱፍ ለብሷል፤ ጫማው ግን ቀለም ካየ ዓመት ሆኖታል። አይገዛም፣ ስንዱ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«አፍንጫውን ይዟል።»

ሰውዬው እውነትም አልገዛም። እትዬ ስንዱ ያሸነፉት እሳቸው ይመስል ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ በኋላ ፈረቃዬ በጊዜ ሲያልቅ ጎራ ማለት አበዛሁ። ለቴሌቪዥኑ ሳይሆን ለሳቸው ነው። ቀኑ የሚጀምረው በአየር ጠባይ ነው። የአየር ጠባይዋ ልጅ ካርታው ፊት ስትቆም ጋሽ ሐብቶም የእትዬ ስንዱን መዳፍ ይዘረጉና አገሩን እዚያ ላይ ይሥሉታል። ስኮትላንድ ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ ነው፣ ለንደን አውራ ጣታቸው ሥር። ዝናቡን ከዳር በጣታቸው እየገፉ ያመጡታል። «መጣልሽ፣ መጣልሽ፣ ከሰዓት በኋላ ሰቨን ሲስተርስ ይደርሳል» ሲሏቸው እትዬ ስንዱ እንደ ልጅ መዳፋቸውን ይዘጋሉ።

የፕሮግራሞቹን ስም ጋሽ ሐብቶም በእንግሊዝኛ አይጠሯቸውም። ጨረታው አለ፣ አሮጌ ዕቃው አለ፣ ጥያቄው አለ፣ ኬኩ አለ። ጥያቄው ላይ መልሱን ትተው መልሱ የጠፋበትን ሰው ፊት ነበር የሚነግሩት። «አያውቀውም። ዓይኑ ጣሪያ ላይ ነው። አሁን ከንፈሩን ነከሰ። ሊገምት ነው።» ኬኩ ላይ ዳኛዋ ቀምሳ ዝም ስትል፣ «አልጣፈጣትም፣ ግን እናቷ በደንብ አሳድጋታለች» ይላሉ። የምሽቱ ድራማ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ፀጉራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነና እትዬ ስንዱ ስለሚምታታባቸው፣ ለእያንዳንዳቸው የአገር ቤት ስም አውጥተውላቸው ነበር። የመጠጥ ቤቷ ባለቤት አልጋነሽ፣ ባሏን የምትሰልለው ብርቄ። እኔ ራሴ ዛሬም እውነተኛ ስማቸውን አላውቀውም።

ስኑከር፣ ያ ጠረጴዛ ላይ ኳስ በዱላ የሚገፉበት ጨዋታ፣ ሲሆን ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው፣ «ቀይ… ጥቁር… ቀይ…» ይላሉ። ኳሶቹ ሲጋጩ እትዬ ስንዱ ራሳቸውን ያወዛውዛሉ። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነበር።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ አያውቁም፤ ያላዩትን አይናገሩም። አንድ ምሽት ሊያ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ አብራን ተቀምጣ ነበር። ድራማው ላይ ብርቄ መስኮት አጠገብ ቆማለች። ጋሽ ሐብቶም «እያለቀሰች ነው» አሉ።

«ጋሽ ሐብቶም፣ እያለቀሰች እኮ አይደለም» አለች ሊያ። «አይ ሚን፣ ጀስት ታየርድ ናት። መስኮቱ ላይ ያለው ዝናብ ነው።»

እኔ ልቆጣት ስል ጋሽ ሐብቶም እጃቸውን አነሱ። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው አዩ። «ልክ ነሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ስንዱ፣ ተሳስቼ ነው። አላለቀሰችም። ደክሟታል። ይቅርታ።» ለአንዲት የቴሌቪዥን ሴትዮ እንባ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ከሳቸው ሌላ አላውቅም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ እዚህም ብዙ ቤት ተቀያይሟል። አንድ ማዕድ የበሉ ሰዎች ባስ ላይ ተያይተው ፊታቸውን ሲያዞሩ በመስታወቴ አይቻለሁ። የነጋሽ ሐብቶም ቤት የሁለት አገር ሰዎች ቤት ነው። አንድ ቀን የምሳ ሰዓት ዜና ላይ አገሩን ጠርተው ወታደሮች በጭነት መኪና ሲሄዱ አሳዩ። ጋሽ ሐብቶም መነጽራቸውን አደረጉ።

«ምን ታያለህ?» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ወታደሮች ናቸው።»

«የማን?»

«ፊት ያለው ጥርሱ ፍንጭት ነው። ካሜራ ሲያይ ሳቅ አመለጠው። ጺም ገና አላበቀለም። አጠገቡ ያለው እንቅልፍ ወስዶት ትከሻው ላይ ተደግፏል። ጫማው ሰፍቶታል።»

«የማን ወታደር ነው አልኩህ እኮ፣ ሐብቶም።»

«የእናቱ» አሉ ጋሽ ሐብቶም።

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። ጦርነቱ እስኪያበቃ ያን ጥያቄ ደግመው አልጠየቁም፤ ያ ቤትም አልተቀያየመም።

ድምፃቸው መሻከር የጀመረው ብርዱ ሲገባ ነው። ጉንፋን ነው ተባለ፣ አልለቀቀም። ጂፒው፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ ወደ ሆስፒታል ሪፈር አደረጋቸው፤ እኔ ነኝ በመኪናዬ የወሰድኳቸው። ማንቁርታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፣ ሳትቸኩል ነው ያስረዳችን። ማንቁርቱን በኦፕሬሽን ማውጣት ይቻላል፤ የመዳን ተስፋው ጥሩ ነው፣ ድምፃቸው ግን ይሄዳል። በኋላ በመሣሪያ መናገር የሚማሩ ሰዎች አሉ፣ የማይሳካላቸውም አሉ። አለበለዚያ ጨረር አለ። ድምፁ ለጊዜው ይቆያል፣ በሽታው ግን እሳቸው ባሉበት ደረጃ የመመለሱ ነገር ያሰጋል። እሷ ኦፕሬሽኑን እንደምትመክር አልደበቀችም።

ጋሽ ሐብቶም በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት። «ማንሾካሾክስ?»

እንደ ድሮው ማንሾካሾክም አይቻልም አለቻቸው። አመሰገኗትና ባርኔጣቸውን አነሱ።

መኪና ውስጥ ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥን። «ይነጋገሩበት እንጂ፣ ጋሽ ሐብቶም» አልኩ። «እትዬ ስንዱም ይስሙ። አብረው ይወስኑ።»

«እሷ የምትለውን አውቀዋለሁ። ድምፅህ ይቅር፣ ብቻ ኑርልኝ ነው የምትለው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔ እየኖርኩ እሷ ትጨልማለች። አስበው እስቲ መስፍን። እሷ አታይ፣ እኔ አልናገር። እንደ ሶፋው አጠገቧ ልቀመጥ?»

«መሣሪያ አለ ብላለች እኮ።»

«ካልሆነልኝስ? ቢሆንልኝስ? ከአርባ ዓመት በኋላ በማታውቀው ድምፅ ስንዱ ብዬ ልጥራት?» ቀበቶውን አሰሩ። «ጨረሩን እወስዳለሁ። ለሷ መድኃኒት ታዘዘለት በላት። ሌላውን እኔ ነኝ የምሸከመው፤ ቃልህን ስጠኝ።»

ተከራከርኩ። እስከ ቤታቸው በር ድረስ ተከራከርኩ፣ በማግሥቱም ደገምኩ። ያ ለአንዲት የድራማ ሴትዮ እንባ ይቅርታ የጠየቀ ሰው፣ ይህን ያህል ነገር ሚስቱን ሊደብቅ ቆርጦ ተነሳ። በጣም ተናድጄባቸው ነበር፤ በመጨረሻ ግን ቃሌን ሰጠኋቸው። ምክንያቱም ጠዋት ጠዋት የእትዬ ስንዱን ሳቅ በግድግዳው በኩል የምሰማው እኔ ነኝ።

ጨረሩን ሲጨርሱ ለጥቂት ወራት ደህና ሆኑ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እኔን ማሰልጠን ያዙ። ለእትዬ ስንዱ «መስፍን ብቸኛ ነው፣ ትንሽ ይጫወት» ብለው ነገሯቸው። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ያርሙኛል። «ቆንጆ አትበል፤ ቆንጆ አይታይም። ምኗ ነው ቆንጆ? እሱን በል።» «ትልቅ ቤት አትበል። ስንት አልጋ ያስገባል?» «ቶሎ ቶሎ አታውራ፣ እሷም ታስብበት።» ባስ ስነዳ እንኳን ሳይታወቀኝ ተሳፋሪውን ለራሴ መንገር ጀመርኩ። አረንጓዴ ካፖርት፣ አንድ ቁልፉ የወለቀ። አበባ የያዘ ሰው፣ የሚያፍርበት ይመስል ወደ ታች ዘቅዝቆ። ይህን ስነግራቸው «ይኸዋ፣ ገብቶሃል» አሉኝ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ምግብ አልበላ አለኝ።

በሽታው ተመለሰ። ድምፃቸው ቀስ በቀስ ቀጠነ፤ መጀመሪያ እኔ ጋ መድረስ አቆመ፣ ቆይቶ የእትዬ ስንዱ ጆሮ ሥር ሆነው ካልሆነ አይሰማም። በመጨረሻዎቹ ቀናት እሱም ሄደ። ያን ሁሉ የከፈሉበት ድምፅ ቀድሟቸው ሄደ። እኔ ጨረታውን ስነግር፣ እሳቸው ትራስ ተደግፈው አጠገባቸው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ዕድርተኞቹ ሴቶች የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቅለው በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት። ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ እስከ አርባው እንዲያ ነው፣ ለንደን ስለሆንን የሚቀር አይደለም። ጋሽ ሐብቶም ነፍሳቸውን የሰጡት ይኼ ዝምታ እንዳይመጣ ነበር። ከዕድሩ ሴቶች አንዷን፣ ጥሩነሽን፣ ጠጋ ብዬ «ለእትዬ ስንዱ ትንሽ ብንከፍትላቸውስ?» አልኳት።

«አፈሩ ሳይደርቅ?» አለችኝ። «ሰው ምን ይላል፣ መስፍን?»

እትዬ ስንዱን ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። «ተወው» አሉ። ለቀስተኛው እየሳሳ ሄደ። እኔ ከሥራ ስወጣ እገባለሁ፣ ሾርባ አሞቅላቸዋለሁ፣ ስለ መንገድ መዘጋጋት አወራለሁ። እሳቸው በሚያውቁት ሶፋ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሐብቶም ያሉት ደረሰ፣ ጨለሙ እያልኩ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

የአርባው ዕለት ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱ ተደርጎ፣ ዝክሩ ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ሁለታችን ቀረን። ጨርቁን አነሳሁት። ሶኬቱን ለመሰካት ጎንበስ እንዳልኩ እትዬ ስንዱ ጠሩኝ።

«መስፍን። ባለፈው ሳምንት፣ ሐብቶምን ቤት እየመጣች ታየው የነበረችው ነርስ የሆስፒታሉን አልጋ ልትወስድ መጥታ ነበር።»

«እሺ።»

«ደግ ልጅ ናት። ባለቤትሽ ጀግና ነበር አለችኝ። ያን ኦፕሬሽን እምቢ ማለት ቀላል አይደለም አለች። እኔ የማውቅ መስሏት ነው።» ፊታቸውን ወደ እኔ ድምፅ አዞሩ። «ምን ኦፕሬሽን ነው?»

ቃል ሰጥቼ ነበር። ቃሉን የሰጠኋቸው ሰው ግን የሉም፤ የሚጠይቁኝ አሉ። ነገርኳቸው። ሐኪሟ ያለችውን፣ መኪና ውስጥ የተባባልነውን፣ አንድም ሳላስቀር።

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ምን እንደምለው ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር። ድምፅህ ይቅር፣ ኑርልኝ ትለኛለች ብለውኛል።»

«አውቆ ነዋ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነበር የሚሰማው። «አውቆ ነዋ ያልጠየቀኝ። እኔ እንዳልጨልም ብሎ። አርባ ቀን ሙሉ እኮ ይኸው ዝም ያለ ቤት ውስጥ ተቀመጥኩ፣ መስፍን። ዝምታውን ቻልኩት። መጨረሻ ላይም እኮ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ ሲተነፍስ እሰማው ነበር፤ ምን ጎደለኝ? ቴሌቪዥኑንማ እሱ ደስ ስለሚለው ነው የሰማሁት። ነገ ደግሞ ምን ልንገራት እያለ ሲነሳ ደስ ስለሚለኝ ነው። ሲተነፍስ ብቻ በሰማሁት ስንት ዓመት…»

አልጨረሱትም። ጋሽ ሐብቶም ያስተማሩኝ ሁሉ የሚታየውን ነገር መንገር ነው፤ ለዚህ የሚሆን ቃል አላስተማሩኝም። ለሁለቱም አዘንኩ፤ ለጋሽ ሐብቶም ስለ ፍቅራቸው፣ ለእትዬ ስንዱ በዚያ ፍቅር ስለተወሰደባቸው ዕድሜ።

ቆይቼ፣ እጄ ላይ ያለውን ሶኬት እያየሁ፣ «ልክፈተው እትዬ ስንዱ? የጥያቄው ሰዓት ነው» አልኩ።

«ክፈተው ካልክ ክፈተው» አሉ። ሶፋው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። «ግን ምንም እንዳትነግረኝ። ዝም ብለህ ተቀመጥ።»